የእረኞቹ ቤት፦ ባስኮች በአሜሪካ



በአሜሪካ ስለሚኖሩት ባስኮች ሲወራ ቶሎ የሚነሣው በግ ጠባቂው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ውሻ፣ ከሺህ በላይ በግ፣ ማለቂያ የሌለው ተራራ። በኔቫዳ ግዛት፣ በሬኖ ከተማ፣ ለዚህ ሰው ሐውልት ቆሞለታል። በ1989 የተመረቀ ሲሆን የሠራው ኔስቶር ባስቴሬቼአ የሚባል የባስክ አገር ቀራፂ ነው፤ ሥራውንም «ብቸኝነት» ብሎ ሰይሞታል። ለእረኛው ኑሮ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ነገር ግን ብቻውን ተቀምጦ ሕዝብ የሆነ ማንም የለም። ባስኮችን በሰው አገር ሕዝብ አድርጎ ያቆያቸው ሌላ ነገር ነው፤ ከባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ የተሠራ፣ ምድር ቤቱ የሚበላበትና የሚጠጣበት፣ ፎቁ የሚታደርበት ቤት። እነሱ ኦስታቱ ይሉታል፤ እኛ ፔንሲዮን ብንለው ብዙ አንሳሳትም። የዛሬው ንግግሬ ወደዚያ ቤት ይሄዳል። መንገዱ ትንሽ ዞር ያደርገናልና ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባስኮች የሚኖሩት የፒሬኔ ተራሮች ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚያዘቀዝቁበት ጥግ ነው። አገራቸው ሰባት አውራጃ ነው፤ አራቱ በስፔን፣ ሦስቱ በፈረንሳይ ግዛት ውስጥ ይገኛሉ። ኤውስካራ የሚባለው ቋንቋቸው በዓለም ላይ የታወቀ ዘመድ የለውም፤ ከስፔንኛም ከፈረንሳይኛም ጋር አይዛመድም። በዚህ ቋንቋ መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ በ1545 የወጣው የበርናርድ ኤቼፓሬ የግጥም መድበል ነው። ስለ ባስኮች ጥንታዊነት ብዙ ተረት ይነገራል፤ አንዳንዱን ራሳቸውም በደስታ ያዛምቱታል። እሱን እንለፈው።

ልናልፈው የማይገባን የውርስ ልማዳቸው ነው። የባስክ ገበሬ ሀብት ባሴሪ የሚባለው የእርሻ ቤት ነው፤ ድንጋይ ቤቱ፣ ማሳው፣ የግጦሽ መሬቱ ሁሉ አንድ ላይ ተቆጥሮ። ይህ ሀብት አይከፋፈልም። ከልጆቹ አንዱ ይወርሰዋል፤ በብዙ ቦታ ሴት ልጅም ልትሆን ትችላለች። በእኛ በሰሜኑ የርስት ሥርዓት የአንድ አባት ዘር የሆነ ሁሉ ድርሻዬ ብሎ መሬት መጠየቅ ይችል ነበር፤ መሬቱ እየተቆራረሰ ያንሳል እንጂ ሰው ከአገሩ አይነቀልም። በባስክ አገር ግን መሬቱ ሳይነካ ይኖራል፣ የሚበተነው ሰው ነው። ስድስት ልጅ ባለበት ቤት አምስቱ ሌላ ዕጣ መፈለግ አለባቸው፤ ወይ ክህነት፣ ወይ መርከብ፣ ወይ አሜሪካ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ላይ የካርሊስት ጦርነቶች የተባሉት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነቶች ተጨመሩ። ሁለተኛው ትልቅ ጦርነት በ1876 ሲያበቃ በስፔን በኩል ያሉት ባስኮች ከጥንት ጀምሮ ይዘውት የኖሩትን ራስን የማስተዳደር መብት አጡ፤ ልጆቻቸውም ለስፔን ሠራዊት በግዳጅ ይመለመሉ ጀመር። መሬት የማይደርሰው፣ ወታደርነት የሚጠብቀው የሃያ ዓመት ወጣት መርከብ ላይ ቢወጣ ማን ይፈርድበታል?

እርግጥ ባስኮች አሜሪካን ያወቁት ከዚያ ብዙ ቀድመው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዓሣ ነባሪ አዳኞቻቸው ዛሬ የካናዳ ግዛት በሆነው በላብራዶር ዳርቻ በየበጋው እየሰፈሩ የዓሣ ነባሪ ጮማ ያቀልጡ ነበር። ዘይቱ በበርሜል ተሞልቶ ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ የአውሮፓን መብራት ያበራል። ይህ ታሪክ ለብዙ ዘመን ተረስቶ የኖረ ነው። ያስታወሰችው ሰልማ ባርካም የተባለች ተመራማሪ ናት፤ በባስክ አገር ቤተ መዛግብት የኖታሪ ሰነዶችን፣ የመድን ውሎችንና የመርከበኞችን ኑዛዜ እያገላበጠች የት የት እንደ ሰፈሩ ደረሰችበት። በ1978 ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች በዚያው ዳርቻ በሬድ ቤይ ወደብ ውስጥ በ1565 የሰጠመችው ሳን ሁዋን ናት የምትባለውን መርከብ አገኙ። ቦታው በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር መርከቧ አይደለችም፤ ወረቀቱ ነው። ኑዛዜ የሚያስጽፍ መርከበኛ ባይኖር ኖሮ ማን ነበሩ፣ የት ሞቱ የሚለው ሁሉ ከባሕር ጋር በቀረ ነበር።

ቀጥሎ የመጡት በስፔን ንጉሥ ስም የመጡ ናቸው። የሜክሲኮ የመጀመሪያ ጳጳስ ሁዋን ደ ሱማራጋ ቢስካያ ከተባለው የባስክ አውራጃ ነበር። በ1598 ዛሬ ኒው ሜክሲኮ የሚባለውን አገር ለስፔን የያዘው ሁዋን ደ ኦኛቴ የባስክ ዘር ነው፤ በ1775 እና በ1776 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሰፍሩትን ቤተሰቦች በበረሃ መርቶ ያመጣው ሁዋን ባውቲስታ ደ አንሳም እንዲሁ። በካሊፎርኒያ ዘጠኝ የሚስዮን ጣቢያዎችን ያቋቋመው አባ ፌርሚን ላሱዌን በባስክ አገር በቪቶሪያ ተወለደ። የቢልባኦው ነጋዴ ዲዬጎ ደ ጋርዶኪ ደግሞ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ለአማፂያኑ የጦር መሣሪያና አልባሳት ላከ፤ በኋላም የስፔን መልእክተኛ ሆኖ በፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ቃለ መሐላ በዓል ላይ ተገኘ። ይህን ዝርዝር በኩራት የሚቆጥሩ መጻሕፍት አሉ። ነገር ግን በኒው ሜክሲኮ የአኮማ ነባር ሕዝብ በ1599 ከተጨፈጨፈ በኋላ ዕድሜያቸው ከ25 በላይ የሆኑ ወንዶች አንድ እግራቸው እንዲቆረጥ የፈረደው ያው ኦኛቴ ነው። በዘሩ የሚኮራ ሰው ይህን ዘልሎ ከቆጠረ ቆጠራው ሐሰት ነው።

ዛሬ በአይዳሆ፣ በኔቫዳና በካሊፎርኒያ ባስክ ነኝ የሚለው ሰው አያቶች ግን በአብዛኛው እነዚህ አይደሉም። እነሱ የመጡት በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከአውሮፓ በቀጥታ አልመጡም፤ በአርጀንቲናና በኡራጓይ ሜዳ ላይ ከብትና በግ ሲያረቡ የነበሩ ናቸው። ወርቁን ሞክረው ብዙ ሳይቆዩ አንድ ነገር ገባቸው። ወርቅ የሚቆፍረው ሰው በየቀኑ ሥጋ ይበላል። ፔድሮ አልቱቤ ከእነዚህ አንዱ ነው። በባስክ አገር ካለችው ከኦኛቲ ተነሥቶ በአርጀንቲና በኩል ካሊፎርኒያ ገባ፤ በ1870ዎቹም ከወንድሙ ከበርናርዶ ጋር በሰሜን ኔቫዳ፣ በኤልኮ አውራጃ፣ ስፓኒሽ ራንች የተባለውን ትልቅ የከብት እርባታ አቋቋመ። ብዙ ወጣት ባስኮችን ከአገራቸው አስመጥቶ ሥራ ያስያዘ በመሆኑ የአሜሪካ ባስኮች አባት እያሉ ይጠሩታል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ አፈ ታሪክ ማፍረስ አለብኝ። ባስኮች በደማቸው እረኞች ስለሆኑ በግ ጠበቁ ይባላል። አይደለም። ከቢስካያ የመጣው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ወይም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር። ቤታቸው በጎች ቢኖሩ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ በግ በአንድ ላይ አይቶ አያውቅም። በግ የጠበቀው እንግሊዝኛ የማይጠይቅ፣ ሌላ ሰው የማይፈልገው፣ ለሚቆጥብ ሰው ግን ተስፋ ያለው ሥራ ያ ብቻ ስለሆነ ነው። ተስፋው እንዲህ ነው። እረኛው ደመወዙን በገንዘብ መቀበል ትቶ በእናት በጎች እንዲከፈለው ይስማማል። በጎቹን ከአሠሪው መንጋ ጋር እየጠበቀ ያረባቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሱን መንጋ ለይቶ ይወጣል። መሬት መግዛት አያስፈልገውም፤ በዚያ ዘመን የምዕራቡ በረሃና ተራራ የመንግሥት መሬት ሆኖ ለማንም ክፍት ነበር። ቀደም ሲል የሾሾኒና የፓዩት ነባር ሕዝቦች አገር ነበር፤ ክፍት የተባለው እነሱ ከተገፉ በኋላ ነው።

መሬት ሳይኖረው መንጋውን እየነዳ የሚዞረው ባስክ ጠላት አላጣም። የከብት አርቢዎቹ በጎች ሣሩን ከሥሩ ይግጡብናል አሉ፤ መሬት ገዝተው የተቀመጡት የበግ አርቢዎችም ግብር የማይከፍል ዘላን እያሉ ከሰሱት። አቤቱታቸው ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ባለቤት የሌለው ግጦሽ በእርግጥ ተጎድቷል። ነገሩ ግን ቶሎ ከሣር ወደ ዘር ተሸጋገረ። በ1909 በአይዳሆ ግዛት በኮልድዌል የሚታተም ጋዜጣ ባስኮችን በቆሻሻነትና በሸፋጭነት የሚወነጅል ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ የአይዳሆ መለያ ተደርጎ በቱሪስት መጽሔት የሚወጣው ያው ሕዝብ ነው።

ሕጉ ሁለት ጊዜ መታቸው። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለስፔን በዓመት የፈቀደው 131 ሰው ብቻ ነበር። በ1934 የወጣው የቴይለር የግጦሽ ሕግ ደግሞ የመንግሥቱን መሬት በፈቃድ እንዲሆን አደረገ፤ ፈቃዱም መሬት ላለው፣ ዜጋ ለሆነ ወይም ዜጋ ለመሆን ላመለከተ ነው። የተንከራታቹ መንጋ ዘመን በዚህ አበቃ። መሬት የገዙት ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ ከተማ ገቡ ወይም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ እረኛ ጠፋ። በ1942 ገደማ አሜሪካ 56 ሚሊዮን ያህል በግ ነበራት፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ኖሯት አያውቅም። ጠባቂ ሲታጣ የበግ አርቢዎቹ ትናንት ያባረሩትን ሰው በሴናተር በኩል ይፈልጉት ጀመር። የኔቫዳው ሴናተር ፓት ማካራን ለውጭ አገር ሰው በር በመዝጋት የታወቀ ፖለቲከኛ ነበር፤ ሆኖም ለባስክ እረኞች በሩን ከፈተ። ከ1950 ጀምሮ በወጡት ልዩ ሕጎችና ከዚያ በቀጠለው አሠራር በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች የሦስት ዓመት ውል እየፈረሙ መጡ። ባዕድ የሚጠላ ሰው እንኳ በጉ ጠባቂ ሲያጣ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ይህ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ታሪክ ደጋግሞ የሚያሳየን ነገር ነው።

የእረኛው ዓመት በአራት ይከፈላል። በጸደይ በጎቹ በሸለቆ ይወልዳሉ። በበጋ ወደ ከፍተኛው ተራራ ይወጣሉ። በመከር ይወርዱና ግልገሎቹ በባቡር ለገበያ ይላካሉ። ክረምቱ በበረሃ ነው። በበጋ ወራት እረኛው የሚያየው ሰው ቢኖር ስንቅ የሚያመላልሰው ሰው ነው፤ እሱም በየሳምንቱ ወይም ከዚያ በራቀ ጊዜ ይመጣል። ዳቦውን የሚጋግረው ራሱ ነው፤ ሊጡን ክዳን ባለው ወፍራም የብረት ድስት አድርጎ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጥና ከላይም ከታችም ፍም ያለብሰዋል። ዳቦው ሲወጣ በቢላዋ መስቀል ያደርግበታል፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለውሻው ይሰጣል። ይህን ደግ ልማድ ብዙ ሰው ይወደዋል። ከጎኑ ግን መባል ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ አእምሯቸው በብቸኝነት የተነካ እረኞች ብዙ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው እንደ ቀልድ የሚጠሩበት ቃል እስኪያወጡለት ድረስ የተለመደ ሕመም ነበር።

ከዚያ ኑሮ የቀረልን ጽሑፍ በዛፍ ላይ ነው። አስፐን የሚባለው ዛፍ ግንዱ ነጭና ለስላሳ ነው። እረኛው በቢላዋ ጫፍ ቀጭን መስመር ይጭርበታል፤ ወዲያው ብዙም አይታይም። ዛፉ ሲያድግ ቁስሉ ይጠቁርና ከዓመታት በኋላ ጎልቶ ይነበባል። ስም፣ ዓመት፣ የትውልድ መንደር፣ የሴት ምስል፣ በአሠሪ ላይ የተወረወረ ስድብ፣ የአገር ናፍቆት፤ አንዳንዱ በባስክ፣ አንዳንዱ በስፔንኛ ወይም በፈረንሳይኛ። ሆሴ ማሊያ ኦላኤቼ የተባለው የታሪክ ምሁር በኔቫዳና በካሊፎርኒያ ደኖች ሺዎቹን መዝግቦ በ2000 መጽሐፍ አውጥቶባቸዋል። ሥራው የጥድፊያ ሥራ ነበር፤ አስፐን ከመቶ ዓመት ብዙም አልፎ አይኖርምና ማኅደሩ ከዛፉ ጋር ይወድቃል።

አሁን ወደ ቤቱ ደረስን።

ከስፔን ወይም ከፈረንሳይ የተነሣ ወጣት ኒው ዮርክ ሲደርስ የቫለንቲን አጊሬ ሰዎች በወደቡ ላይ በራሱ ቋንቋ ጮኸው ይጠሩት ነበር። አጊሬና ሚስቱ ቤኒታ ኦርቤ በማንሃታን የባስክ ማደሪያ ነበራቸው። እዚያ አድሮ፣ በልቶ፣ የባቡር ትኬት ተቆርጦለት፣ ወደ ምዕራብ ይላካል። ብዙ ቀን በባቡር ተጉዞ በአይዳሆ ቦይዚ ወይም በኔቫዳ ኤልኮ ወይም በካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ሲወርድ ከጣቢያው ወጣ ብሎ ሌላ የባስክ ቤት ያገኛል። እንግሊዝኛ ሳይችል አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠው በዚህ የቤቶች ሰንሰለት ነው።

ቤቱ ምን ያልሠራው ነገር አለ? ሥራ የሚገኘው እዚያ ነው፤ እረኛ የሚፈልግ አርቢ ወደ ኦስታቱ ይመጣል። ደብዳቤ የሚመጣው በቤቱ አድራሻ ነው። እረኛው ተራራ ሲወጣ የከተማ ልብሱንና ሻንጣውን እዚያ ያስቀምጣል፤ ገንዘቡንም ለባለቤቱ አደራ የሚሰጥ ነበር። ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ሲሄድ አስተርጓሚው ባለቤቱ ነው። ሲታመም የሚተኛው፣ በመከር ከሥራ ሲሰናበት ክረምቱን የሚያሳልፈው፣ ሲያረጅ የሚጦረው እዚያ ነው። በየእርባታው የሚኖሩ የባስክ ሚስቶች ለመውለድ ወደዚያ ቤት ይመጡ ነበር። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሙስ የሚባለው የካርታ ጨዋታም፣ ዳንሱም እዚያው። በአንዳንዱ ቤት ኳስ በእጅ እየተመታ ከግንብ ጋር የሚነጥርበት የፔሎታ መጫወቻ ተሠርቷል፤ በ1914 በቦይዚ የአንዱዊሳ ማደሪያ ውስጥ የተሠራው አሁንም ይጫወቱበታል።

ምግቡ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ምናሌ የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ደወል ይደወላል፤ ሁሉም በአንድ ረጅም ገበታ ይቀመጣል፤ ሾርባው፣ ባቄላው፣ ሰላጣው፣ ወጡ፣ የተጠበሰው የበግ ሥጋ በትልልቅ ሳሕን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ወይኑ ከገበታው አይጠፋም። አርቢውና እረኛው ጎን ለጎን ይበላሉ። በቤከርስፊልድ በ1893 የተከፈተው፣ ኖሪዬጋ በሚል ስም የታወቀው ሆቴል እንዲህ እያበላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ፤ በ2011 የጄምስ ቤርድ ሽልማት አገኘ፤ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ተዘጋ። የኤልኮው ስታር ሆቴል ከ1910 ጀምሮ ቆሟል። በእረኞች ድህነት የተወለደው ገበታ ዛሬ የምዕራቡ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ለእሑድ የሚሄድበት ምግብ ሆኗል፤ ለብዙ አሜሪካዊ ባስክ ማለት ያ ገበታ ነው።

ያን ሁሉ የሠራው ማን ነው? ባል የመጠጥ ቤቱን ባንኮኒ ይዞ እንግዳ ያጫውታል፤ ወይም ራሱ በግ ላይ ነው። ሚስት ከንጋት በፊት ተነሥታ ለሠላሳና ለአርባ ሰው ትቀቅላለች፣ አንሶላ ታጥባለች፣ ሒሳብ ትይዛለች፣ የሞተውን ታጥባለች፣ የተወለደውን ትቀበላለች። እሷን የሚረዱ ልጃገረዶች ከባስክ አገር በደብዳቤ ይጠራሉ። ብዙ ሳይቆዩ ከእረኞቹ አንዱን አግብተው ይወጣሉ፤ ሌሎች ይጠራሉ። የአሜሪካ ባስክ ቤተሰቦች ዘራቸውን ሲቆጥሩ እናትየው የሆቴል ሠራተኛ፣ አባትየው አዳሪ የነበሩበትን ትዳር ደጋግመው ያገኛሉ። ልጃገረዶቹ ባይመጡ ኖሮ እረኞቹ ወይ ሳይወልዱ ባረጁ ወይ ሌላ ሕዝብ ውስጥ ገብተው በጠፉ ነበር።

አንድ ቤተሰብ ልጥቀስ። ዶሚኒክ ላክሳልት ከፈረንሳይ በኩል ካለው የባስክ ምድር መጥቶ በበግ ሀብታም ሆነ፤ በ1920ዎቹ የበግ ዋጋ ሲወድቅ ሁሉን አጣ። ከዚያ በኋላ ሚስቱ ቴሬዝ በኔቫዳ ዋና ከተማ በካርሰን ሲቲ ሆቴል ከፍታ ስድስት ልጆች አሳደገች፤ እሱ ወደ ተራራው ተመለሰ። አንደኛው ልጃቸው ሮበርት ላክሳልት በ1957 ስለ አባቱ የጻፈው መጽሐፍ ለአሜሪካ አንባቢ ባስኮችን ያስተዋወቀ ሥራ ሆነ። የእናቱን ዓለም ወደ ልቦለድ ያመጣው ዘግይቶ ነው፤ «የባስክ ሆቴል» የሚለው መጽሐፉ በ1989 ወጣ። የእረኛው ሐውልት በተመረቀበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እወዳለሁ። ሌላው ልጃቸው ፖል ላክሳልት የኔቫዳ ገዥ፣ ቀጥሎም ሴናተር ሆኗል።

ሰዎቹ ከቤቱ ወደ አደባባይ የወጡት ቀስ ብለው ነው። ለረጅም ጊዜ ከቢስካያ የመጡት የቦይዚ ባስኮችና ከፈረንሳይ በኩል የመጡት የካሊፎርኒያ ባስኮች ብዙም አይተዋወቁም ነበር፤ የአነጋገራቸው ዘዬ ይለያያል፣ ሆቴላቸውም የተለያየ ነው። በ1959 በኔቫዳ በስፓርክስ ከተማ የተደረገው የመጀመሪያው የምዕራብ ባስክ በዓል ሁለቱን ወገን በአንድ ሜዳ አገናኘ። በ1960 በቦይዚ ኦይንካሪ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተመሠረተ። በ1967 በሬኖ በሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የባስክ ጥናት ማዕከል ተከፈተ፤ ከዚያ የወጡት ዊልያም ዳግላስና ሆን ቢልባኦ በ1975 «አሜሪካኑዋክ» የተባለውን ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1973 የአሜሪካ የባስክ ማኅበራት በአንድ ጥላ ሥር ተሰባሰቡ። በ1985 የቦይዚው አኮርዲዮን ተጫዋች ጂሚ ሃውሶሮ የአገሪቱን የባህል ጥበብ ከፍተኛ ሽልማት ተቀበለ። በድንበር የተከፈለው የባስክ ሕዝብ በአገሩ ያላገኘውን መገናኛ በአሜሪካ በረሃ አገኘው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በፖለቲካም ቁጥራቸው ከሚፈቅድላቸው በላይ ሄደዋል። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ ባስክ ነኝ ያለው አሜሪካዊ 57,793 ብቻ ነው። ፒት ሴናሩሳ ግን ከ1967 እስከ 2003 የአይዳሆ ግዛት ዋና ጸሐፊ ነበር፤ ዴቭ ቢተር ከ2004 እስከ 2020 የቦይዚ ከንቲባ። የአይዳሆ ምክር ቤት በ2002 ስለ ባስክ አገር ሰላምና ስለ ሕዝቡ የራስን ዕድል የመወሰን መብት መግለጫ ሲያወጣ በማድሪድም በዋሽንግተንም ቅር የተሰኘ ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነው ጆን ጋራሜንዲ ነው። በካሊፎርኒያ በከብት እርባታ ቤተሰብ ያደገው ይህ የባስክ ዘር ከሚስቱ ከፓቲ ጋር በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አገልግሏል፤ በኋላም የካሊፎርኒያ ምክትል ገዥና የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነ።

ቋንቋውስ? እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ቤተሰብ እንግሊዝኛ ብቻ ይናገራል። ውዝዋዜው፣ ምግቡ፣ ካርታው ተርፏል፤ ንግግሩ ሳስቷል። በ1998 በቦይዚ በባስክ ቋንቋ የሚያስተምር የሕፃናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጠቃሚ ነው። ውዝዋዜ በሳምንት አንድ ምሽት ይለመዳል፤ ቋንቋ ግን በየቀኑ የሚናገሩት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ኦስታቱ ውስጥ ነበር፤ አዲስ መጤ ማስተናገድ ሲቆም ከቤቱ ጋር ቋንቋውም ወጣ። ለምሳሌ የቦይዚው የኡበሩዋጋ ቤት በ1864 የተሠራ የጡብ ቤት ሲሆን ከ1910 እስከ 1969 ማደሪያ ሆኖ አገልግሎ አሁን የባስክ ሙዚየም አካል ነው። አዲስ መጤ የታጣበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ከ1970ዎቹ በኋላ በስፔን በኩል የባስክ ፋብሪካዎች ደመወዝ ስላደገ ማንም ለበግ ብሎ ውቅያኖስ አያቋርጥም።

በጎቹ ግን አሁንም አሉ፤ አምስት ሚሊዮን ያህል ቀርተዋል። የሚጠብቋቸው በአብዛኛው የፔሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚመጡትም ለባስኮች ከተበጀው አሠራር በተወለደ ጊዜያዊ ቪዛ ነው። እስከ 2015 ድረስ በብዙ ግዛቶች የወር ደመወዛቸው 750 ዶላር ነበር፤ የዚያን ዓመት የወጣው ደንብ ከፍ እንዲል አደረገ። አሠሪው መኖሪያና ምግብ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል፤ መኖሪያው ጋሪ ነው፣ ምግቡ ጋሪው ድረስ ይመጣል። ውሉ ሲያልቅ እረኛው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ደመወዙን በእናት በግ ተቀብሎ የራሱን መንጋ ሊያወጣ አይችልም፤ ሚስት ሊያገኝበት፣ ልጅ ሊያሳድግበት ወደሚችል ከተማ የሚያስገባው መንገድ የለውም። ስለዚህ የባስኮች ስኬት ከትጋታቸው ብቻ የመጣ ነው ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፦ የፔሩው እረኛ ከእነሱ ያነሰ አይተጋም፤ ያጣው መሬቱንና ቤቱን ነው።